ዘሯ የታወቀ፣ ጤናዋ የተሟላ የድመት ግልገል ለመምረጥ፦ ለደሴ፣ ለኮምቦልቻና ለአካባቢው ገዢዎች

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ላይ «የፈረንጅ ድመት» የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቴሌግራም ፎቶ ነው። ፎቶው ጸጉርና ዓይን ያሳያል። ኩላሊት፣ ልብና አንጀት ግን አያሳይም፤ ዘራቸው የተመረጠ ድመቶች ደግሞ የሚጎዱት ብዙ ጊዜ በዚሁ በማይታየው በኩል ነው። ስለዚህ ሥራው ከግልገሏ አይጀምርም። መጀመሪያ ዘሩ ይመረጣል፣ ቀጥሎ አርቢው፣ ከዚያ እናትየዋ ትታያለች፤ ግልገሏ መጨረሻ ላይ ናት። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው አንዴ ልቡን ለግልገሏ ከሰጠ በኋላ ያየውን ጉድለት ሁሉ «ይሻላታል» እያለ ያልፈዋል።

ድመቷ የምትፈለገው ለአይጥ ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። የጎረቤት ድመት ስትወልድ አንዷን መጠየቅ ነው፤ ጎተራ በመጠበቅ የአገሩን ድመት የሚያክል የለም። ከታች ያለው የአካል ምርመራ ግን ለእሷም ይሠራል።

1ኛ፦ ዘሩን ከቤትዎና ከአየሩ ጋር ያስተያዩ

እኛ ዘንድ በብዛት ስሙ የሚነሳው ፐርሺያን ነው። ጸጉሩ በየቀኑ ይበጠራል፤ ሦስት አራት ቀን ከተዘለለ ብብትና ጭኗ ሥር ይቋጠርና ቆዳውን ይይዘዋል፤ ያን ጊዜ መላጨት ብቻ ነው መፍትሔው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ብርዱ ለፐርሺያን አያስቸግርም። ኮምቦልቻ ግን 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ከሚሴ ደግሞ ከዚያም ትሞቃለች፤ ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነ ድመት በሙቀት ሲተነፍስ ይቸገራል። ፐርሺያን ሲመርጡ አፍንጫዋ በጣም ወደ ውስጥ ያልገባውን ይምረጡ። የአፍንጫዋ የላይኛው ጠርዝ ከታችኛው የዓይን ቆብ በላይ ከወጣ፣ እንባዋ ሁልጊዜ ጉንጯ ላይ ይፈስሳል፣ ትንፋሿም ይንኮራፋል። «አሻንጉሊት ፊት» የሚባለው ፐርሺያን ግን አፍንጫው ወጣ ያለው ነው።

የፐርሺያን ትልቁ ችግር ኩላሊት ነው። ውሃ የቋጠሩ ትናንሽ ከረጢቶች ከውልደት ጀምሮ ኩላሊቱ ውስጥ ይኖሩና ቀስ እያሉ ያድጋሉ፤ ብዙ ጊዜ ድመቷ ስድስት ሰባት ዓመት ሲሆናት ኩላሊቷ መድከም ይጀምራል። ምርመራው ከመስፋፋቱ በፊት በተለያዩ አገሮች ከሦስት ፐርሺያኖች አንዷ ገደማ ይህ እንዳለባት ታይቷል። በሽታውን ለማስተላለፍ አንድ ወላጅ ብቻ ይበቃል፤ ከልጆቹም ግማሽ ያህሉ ይወርሱታል። ለይቶ የሚያሳየው የዲኤንኤ ምርመራ የታወቀው በ2004 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ናሙናው ከጉንጭ ውስጠኛ ክፍል በጥጥ ይወሰዳል። ወላጆቹ ከ10 ወር በላይ ከሆናቸው በአልትራሳውንድም ይታያል። ከፐርሺያን አርቢ የሚጠየቀው የመጀመሪያው ወረቀት ይህ መሆን አለበት።

ሜይን ኩንና ራግዶል የሚባሉት ትልልቆቹ ዘሮች የልብ ጡንቻ የሚያወፍር የዘር በሽታ ይገኝባቸዋል። ለሁለቱም የዲኤንኤ ምርመራ አለ፤ ነገር ግን የበሽታውን ዓይነት ሁሉ ስለማይሸፍን የወላጆቹ የልብ አልትራሳውንድ አብሮ ይጠየቃል። ጆሮው ወደ ፊት የታጠፈው ስኮቲሽ ፎልድ ላይ ምክራችን አጭር ነው፤ አይግዙ። ጆሮውን የሚያጥፈው ጉድለት የሰውነቷን ልም አጥንት ሁሉ የሚነካ ስለሆነ መገጣጠሚያዋ ያማታል፤ ጥሩ አርቢ መርጠው የሚያመልጡት ነገር አይደለም። ነጭ ሆና ሁለቱም ዓይኖቿ ሰማያዊ የሆኑ ድመቶች ደግሞ አብዛኞቹ ደንቆሮ ናቸው።

አቢሲኒያን የተባለውን ዘር በተመለከተ ወሎ ውስጥ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ስሙ ለሻጭ የተመቸ ነውና። እንግሊዝ አገር ሲወራ የኖረው፣ በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ዘመቻ የተመለሱ ወታደሮች የመጀመሪያዋን ድመት ይዘው እንደገቡ ነው፤ እንግሊዞች ባረፉበት በቀይ ባሕሩ ወደብ ስም «ዙላ» የተባለች ድመት ሥዕልም በ1874 በታተመ መጽሐፍ ላይ ወጥቷል። የዘር ምርመራው ግን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው የሚጠቁመው፤ ዘሩ የዛሬ መልኩን የያዘውም እንግሊዝ ውስጥ ሲዳቀል ነው። ስለዚህ ከመቅደላ አምባ ሥር የተወለደች ዳማ ድመት ብትቀርብልዎት ቆንጆ ድመት ናት እንጂ፣ የዘር ሐረግ ወረቀት ከሌላት በአቢሲኒያን ዋጋ የምትሸጥ አይደለችም። እውነተኛዋ አቢሲኒያን ከተገኘች አርቢውን ሁለት ምርመራ ይጠይቁ፦ የዓይን ብርሃን ቀስ በቀስ የሚያጠፋውንና ደም ማነስ የሚያመጣውን። ሁለቱም ከሁለቱም ወላጆች ሲወረሱ ነው የሚታዩት። ወላጆቹ ጤነኛ መስለው ተሸካሚ ከሆኑ፣ ከሚወለዱት አራት አንዷ ትታመማለች ተብሎ ይጠበቃል። የዓይኑ በሽታ ግልገል ላይ ስለማይታወቅ «ዓይኗ ደህና ነው» የሚለው የሻጭ ቃል ምንም አያረጋግጥም፤ ብዙውን ጊዜ ፍጹም ዕውር የምትሆነው ከ3 እስከ 5 ዓመቷ ነው።

2ኛ፦ አርቢውን በስልክ ይፈትሹት

ደሴ ወይም ወልዲያ ሆኖ አዲስ አበባ ያለ አርቢን ለማየት 400 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ መጓዝ ግድ ነው፤ ስለዚህ መንገዱን የሚያዋጣው የስልኩ ወሬ ነው። «እህቴ፣ ግልገሎቹ የተወለዱበት ቀን መቼ ነው? እናታቸው አብራቸው አለች? ከዚህ በፊት የወለደችው መቼ ነው? አባትየውስ የማን ነው?» ብለው ይጀምሩ። ጥሩ አርቢ ቀኑን ሳያመነታ ይነግርዎታል፣ ከዚያም መልሶ ይጠይቅዎታል፦ ቤት ውስጥ ቀን ቀን ማን ይውላል፣ ግቢው ውሻ አለው ወይ፣ ሌላ ድመት አለ ወይ። ያልጠየቀዎት ሰው ግልገሏ የት እንደምትገባ ግድ የለውም ማለት ነው። «ዛሬ ካላስያዙ ነገ ትወሰዳለች» ካለዎት ትወሰድ።

እናትየዋ በዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ብትወልድ ደህና ነው። እርግዝናው 65 ቀን ያህል ብቻ ስለሆነና እያጠባች ሳለም ልትፀንስ ስለምትችል፣ ያላዘነላት ሰው በዓመት ሦስቴ ሊያስወልዳት ይችላል። የዚህ ዓይነቷ እናት ልጆች ሲወለዱ ትንሽ ናቸው፣ ወተትም አይበቃቸውም።

ግልገሏን 12 ሳምንት ሳይሞላት እሰጣለሁ የሚል አርቢን ይለፉት። ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ሰውን የምትለምድበት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ከእናቷና ከወንድሞቿ ጋር ስትጫወት የንክሻዋን ልክ የምትማርበት። በስድስት ሳምንቷ የተወሰደች ግልገል ስታድግ እጅ የምትነክስና የምትቧጭር ትሆናለች፤ ሰው «ክፉ ዘር ናት» ይላል እንጂ ያልተማረች ናት።

በመጨረሻም የተቀረጸ ቪዲዮ ሳይሆን የቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ ይጠይቁ፤ እናትየዋ እያጠባች፣ ወለሉና የመጸዳጃ ሳጥኑ እየታዩ። «ኔትወርክ የለም» በሦስት ቀን ውስጥ አንዴ እንኳ ካልተፈታ መልሱ ገብቶዎታል ማለት ነው።

3ኛ፦ ቤቱና እናትየዋ

«እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» የሚለው ተረት እዚህ ቃል በቃል ይሠራል። ሲገቡ መጀመሪያ ያሽትቱ። የሽንት ሽታ በሩ ላይ ከተቀበለዎት ብዙ ድመት በጠባብ ቦታ ታጭቋል፤ ጉንፋንና ተቅማጥ አይጠፋም። ግልገሎቹ ሰው በሚኖርበት ክፍል እንጂ ጓሮ በተሠራ ሳጥን ውስጥ መሆን የለባቸውም። እናትየዋ ስታጠባ ብትከሳና ጸጉሯ ቢሳሳ አይገርምም፤ ዓይኗ የሚያለቅስ፣ የምታስነጥስ ወይም ሰው ሲጠጋት የምትሸሽ ከሆነ ግን ልጆቹም ወደዚያው ናቸው። የድመት ጉንፋን የያዘችው እናት ከዳነች በኋላም ተሐዋሲውን ለልጆቿ ታስተላልፋለች።

እናትየዋ «ሌላ ቤት ናት»፣ «ታማለች»፣ «ተሸጠች» ከተባለ ግልገሏን ሳይነኩ ይውጡ። ከነኳት ትተው መውጣት ይከብድዎታል።

4ኛ፦ ግልገሏን ከአፍንጫ እስከ ጅራት

መጀመሪያ ሳይነኳት ይመልከቱ። ተኝታ ወይም ረግታ ሳለ የደረቷን ከፍ ዝቅ ማለት ለ30 ሰከንድ ቆጥረው በሁለት ያባዙት፤ ከ20 እስከ 40 ይሁን። አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ወይም ሆዷ በኃይል የሚገባና የሚወጣ ከሆነ ምርመራው እዚያው ያበቃል። ቀጥሎ ገመድ ይጎትቱላት። ጤነኛ ግልገል ታሳድዳለች፤ ስትሮጥም የኋላ እግሯ አይዛነፍም። ከኋላዋ ሆነው ቁልፍ ያንቃጭሉ፦ ጆሮዋ ካልዞረ እንደገና ይሞክሩ። ማጨብጨብ አይበቃም፤ የደነቆረች ድመት የአየሩን ንዝረት ተሰምቷት ልትዞር ትችላለች።

አሁን ያንሷት። ዓይኗ ጥርት ያለ፣ ሦስተኛው የዓይን ቆብ (ከውስጠኛው ጥግ የሚመጣው ነጭ ሽፋን) ያልወጣበት ይሁን። ጠዋት ላይ ትንሽ ደረቅ ዓይናር ችግር የለውም፤ ቢጫና የሚያጣብቅ ከሆነ ጉንፋን ነው። የአፍንጫዋ ሁለት ቀዳዳዎች ክፍት ናቸው? ጆሮዋን ገልጠው ይዩ፤ ውስጡ እንደ ቡና አተላ የሆነ ጥቁር ቆሻሻ ካለ የጆሮ ቅንቅን ነው። እሱ ይታከማል፣ ግዢውን አያስቀርም፤ ግን አርቢው ሳያይ ከቀረ ሌላም ያላየው አለ።

አፏን ከፈት አድርገው ድዷን በጣት ጫን አድርገው ይልቀቁት። ነጣ ብሎ ከ2 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ወደ ሮዝ መመለስ አለበት። መልሶም የገረጣ ከሆነ ደም ማነስ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቁንጫ ወይም የሆድ ትል ነው። ላንቃዋ ስንጥቅ የሌለው መሆኑንም ይዩ። ከዚያ ጸጉሯን ጅራቷ ሥር ገልጠው፣ በእርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ ያራግፉ። የወደቀው ጥቁር ነጥብ ውሃው ሲነካው ወደ ቀይ ቡናማ ከተለወጠ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቀለሙ የራሷ ደም ነው።

ቆዳዋ ላይ ጸጉሩ ክብ እየሠራ የረገፈ፣ ቅርፊት ያለው ቦታ ካለ ጭርት ይጠርጥሩ፤ በተለይ ፊቷ፣ ጆሮዋና የፊት እግሯ ላይ። ጭርት ረጅም ጸጉር ባላቸው ዘሮች ላይ ተደብቆ ይቆያል፣ ወደ ልጆችም ይጋባል፤ አንዴ ቤት ከገባ ብርድ ልብሱንና ምንጣፉን ሁሉ ለወራት ሲያሳጥብዎት ይኖራል።

ሆዷ ከምግብ በኋላ ሞላ ቢል ምንም አይደለም። አከርካሪዋ እየተቆጠረ ሆዷ ብቻ የተነፋ ከሆነ ግን ትል ነው። እምብርቷ ላይ ለስላሳ እብጠት እንዳለና እንደሌለ ይዳስሱ። ጅራቷን አንስተው ይዩ፤ ተቅማጥ ያለባት ግልገል እዚያ አካባቢ ጸጉሯ ይጣበቃል ወይም ለእርስዎ እንድትታይ ታጥባ ትቀርባለች፤ እርጥብ የኋላ እግር አጠራጣሪ ነው። ወንድ ከሆነ በ12 ሳምንቱ ሁለት ቆለጥ ይዳሰሳል።

ሚዛን ይዘው ይሂዱ፤ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ግምቱ ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዱ ወር ዕድሜ 450 ግራም ገደማ። የሁለት ወሯ 900 ግራም፣ የሦስት ወሯ 1.3 ኪሎ አካባቢ ትሆናለች። ሦስት ወር ናት ተብላ 800 ግራም ከመዘነች ወይ ታማለች ወይ ዕድሜዋ ተጨምሮበታል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ዓይኗ ይነግርዎታል፤ የግልገል ዓይን ሰማያዊ ሆኖ ይወጣና ከ6ኛ እስከ 7ኛው ሳምንት መለወጥ ይጀምራል። ዓይናቸው ሰማያዊ ሆኖ ከሚቀር ዘሮች (እንደ ሳያሚዝና ራግዶል) ካልሆነች ወይም ነጭ ካልሆነች በስተቀር፣ «ሦስት ወሯ» የተባለች ግልገል ዓይኗ ገና ሰማያዊ ከሆነ ሁለት ወር እንኳ አልሞላትም።

5ኛ፦ ወረቀቱ ምን ይላል፣ ምንስ አይልም

የዘር ሐረግ ወረቀት ትውልድ ይቆጥራል እንጂ ጤና አይመሰክርም። ቲካ፣ ሲኤፍኤ ወይም ፊፌ ከሚባሉት ዓለም አቀፍ መዝጋቢዎች የወጣ ከሆነ የወላጆቹ መመዝገቢያ ቁጥርና ቢያንስ ሦስት ትውልድ ይኖረዋል። እናትየዋ ማይክሮቺፕ ካላት 15 አሃዝ ያለው ቁጥር ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ማንበቢያው ያለው ሐኪም በትከሻዋ መካከል አሳልፎ በአንድ ደቂቃ ያነበዋል።

የክትባት ካርዱን በደንብ ያንብቡ። የመጀመሪያው ክትባት (ሦስቱን ዋና የድመት በሽታዎች የሚከላከለው) ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይሰጥና በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እየተደገመ 16 ሳምንት ይደርሳል። የሚደገምበት ምክንያት ከእናቷ ወተት ያገኘችው መከላከያ የመጀመሪያውን ክትባት ሊያከሽፈው ስለሚችል ነው፤ አንዴ ተወግታ «ጨርሳለች» የምትባል ግልገል አልጨረሰችም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ12ኛው ሳምንት ይጀመራል። ካርዱ ላይ ከጠርሙሱ የተላጠው ቁጥር ያለበት ወረቀት ተለጥፎ፣ የሐኪሙ ፊርማና ማኅተም አብሮ ይኑር፤ በእስክሪብቶ የተደረገ ምልክት ብቻ ክትባት አይደለም። ቀኑ በማን አቆጣጠር እንደሆነም ይጠይቁ። ዓመቱ ያልተጻፈበት 12/04 ታኅሣሥ 12 ወይም ኤፕሪል 12 ሊሆን ይችላል፤ በመካከላቸው አራት ወር ገደማ አለ፣ የግልገሏ ዕድሜ ሁሉ የሚያልፍበት።

በውሉ ላይ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይስፈር፦ በ72 ሰዓት ውስጥ በራስዎ ሐኪም ታይታ ከታመመች ገንዘቡ እንደሚመለስ፣ የወላጆቹ ምርመራ ውጤት ቅጂ፣ እና ስትበላ የነበረው ምግብ ስምና መጠን።

6ኛ፦ ጉዞው

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲመጡ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣሉ፣ ወዲያው ደግሞ ሸዋ ሮቢት ላይ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ይወርዳሉ። ግልገሏ በአንድ ጠዋት ብርዱንም ሙቀቱንም ታያለች። ካርቶን በሽንት ይበሰብሳል፤ ክዳን ያለው፣ አየር የሚያስገባ የፕላስቲክ ቅርጫት ይሻላል፣ ታችኛው ላይ ፎጣ ተነጥፎ። ከመነሳትዎ 3 ሰዓት በፊት ትንሽ ትብላ። ሌሊት ይነሱና ከሸዋ ሮቢት እስከ ከሚሴ ያለውን ቆላ ከቀትር በፊት ይለፉት። ፊተ ጠፍጣፋ ድመት በቀትር በተዘጋ አውቶቡስ ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐረጎን ሲወጡ ብታስታውክ መንገዱ ነው፤ ቤት ገብታም ከቀጠለች ግን ሌላ ነው።

7ኛ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ቤት ውስጥ ሌላ ድመት ካለ አዲሷን ለ14 ቀን በአንድ ክፍል ለይተው ያቆዩ። የደሴ ሌሊት ይበርዳልና ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ላይ ሙቅ ውሃ ሞልተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው አልጋዋ ጎን ያስቀምጡ። ለመጸዳጃ የታጠበ አሸዋ ይሠራል፤ ሰጋቱራ ከሆነ ያልደቀቀ ይሁን፣ አቧራው አፍንጫዋን ይዘጋዋልና። እርጉዝ ሴት ሳጥኑን አታጽዳ።

የላም ወተት ያስቀምጣታል፤ ውሃ ይበቃታል። የወጥ ፍርፋሪ አይስጧት፤ ቀይና ነጭ ሽንኩርት የበሰለውም ቢሆን የድመትን ደም ይጎዳል። ሥጋ ብቻ መስጠትም ስህተት ነው፤ ካልሲየም ስለሌለው በሳምንታት ውስጥ አጥንቷ ይሳሳና ከወንበር ስትዘል ይሰበራል። ለግልገል የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ ዋናው ሆኖ የተቀቀለ ሥጋና እንቁላል ድጋፍ ይሁን፣ በቀን አራት ጊዜ። የጾም ቤት ከሆነ ቀድመው ያስቡ፦ ሥጋና እንቁላሉ ስለማይኖር፣ በቀን 55 ግራም ለ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀን 3 ኪሎ ገደማ ደረቅ ምግብ ይፈልጋል። ደሴ ውስጥ የምታውቀውን ምግብ ሁልጊዜ ላያገኙት ስለሚችሉ ግልገሏን ሲያመጡ አብረው ይጫኑት። ምግብ ከቀየሩም በ7 ቀን ውስጥ አሮጌውን እየቀነሱ፣ አዲሱን እየጨመሩ ይሁን።

ወሎ ውስጥ የግልገል ድመትን ሕይወት ከሚያሰጉት ነገሮች አንዱ የበግ መድኃኒት ነው። ቤት ውስጥ አለና ይሰጣል። ለበግ የሚወጋው አይቨርሜክቲን በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም አለው፤ ለአንድ ኪሎ ግልገል የሚበቃው የሚሊ ሊትር ሁለት መቶኛ ያህል ነው፣ ያንን በተራ መርፌ መለካት አይቻልም። ለመዥገር የሚረጨው ዲያዚኖን፣ ለውሻ የተሠራ ፐርሜትሪን ያለበት የቁንጫ መድኃኒት፣ የሰው ፓራሲታሞል፣ ሁሉም ይገድሏታል። ወለል በዴቶል አይወልወል። ጎረቤት እህሉ ውስጥ የአይጥ መርዝ ወይም የነቀዝ ክኒን አድርጎ እንደሆነም ይጠይቁ።

በ72 ሰዓቱ ውስጥ ሐኪም ዘንድ ስትወስዷት የባቄላ ፍሬ የሚያክል ትኩስ ሰገራ ንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ይያዙ። ደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት፣ ኮምቦልቻም የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አላቸው፤ ዋና ሥራቸው ከብትና በግ ስለሆነ ድመት እንደሚቀበሉ አስቀድመው ይጠይቁ።

በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ውስጥ ምግብ እምቢ ብላ፣ አስታውካና የውሃው ሳህን ላይ አቀርቅራ ሳትጠጣ ከቀረች የድመት አንጀት ወረርሽኝ ይጠርጥሩና ያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ አንድ ሌሊት ማሳደር ብዙ ነው። ክፍሉን መጀመሪያ በሳሙና፣ ቀጥሎ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጠው ያጽዱ፣ 10 ደቂቃ ይቆይ፤ ተሐዋሲው ወለል ላይ እስከ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ለአርቢውም ወዲያው ይደውሉ። ወንድሞቿና እህቶቿ በየቤቱ ተበትነዋል፣ ምልክቱ ገና ያልታየባቸው ይኖራሉና።